የጋሼ ቶለሳ ጾምና የእኔ ጨጨብሳ

ጌታ ይባረክ፣ ቅዱሳን! ጌታ ያደረገልኝን በዚህ መድረክ ቆሜ ልናገር ከፈለግሁ ቆይቻለሁ። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ፈቀዱልኝ። ምን እንደምናገር ቢያውቁ ኖሮ ይፈቅዱልኝ እንደነበር እንጃ። እንግዲህ ማይኩ እጄ ገብቷል፤ የሚቀማኝ ካለ ይምጣ።

መጀመሪያ ዋናውን ልናገርና እፎይ ልበል። እኔ አልተፈወስኩም። ሃሌ ሉያ!

አያችሁ? አሜን ያለ ሰው የለም። "ጌታ ፈወሰኝ" ብል ኖሮ የአዳራሹ ቆርቆሮ ይነሳ ነበር። አይዟችሁ፣ አትስጉልኝ፣ እምነቴን አልጣልኩም። ስብከት መሃል ከኋላ ወንበር እየሳልኩ የማስቸግራችሁ አስካለ ነኝ። ይኸው ሳሌም አብሮኝ መድረክ ወጥቷል። ስወለድ የያዘኝ ሕመም ዛሬም አለ። እኔም አለሁ። ክብር ለጌታ ይሁን!

ለምን ዛሬ ትመሰክሪያለሽ ብትሉኝ፣ በቀደም በጾም ጸሎታችን ላይ ሳሌ ሲያስቸግረኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከውኃ ታንከሩ ጀርባ አንዲት ልጅ ተጎንብሳ ዳቦ ትበላለች። ስታየኝ ደንግጣ ዳቦውን ሹራቧ ውስጥ ከተተችው። "መድኃኒቴ ካልበላሁ አይወሰድም፤ እባክዎ ለማንም አይንገሩብኝ" አለችኝና አለቀሰች። ስሟን አልጠራም፤ እናንተም ዞር ዞር እያላችሁ አትፈልጓት። ልጅ በአባቷ ቤት ዳቦ ትደብቃለች? ይኼን አይቼማ ዝም አልልም። ልጄ፣ ይኼ ምስክርነት የአንቺ ነው፤ ሌላው ሰው አብሮሽ ይስማ።

የተወለድኩት እዚሁ አጠገባችን ወንጂ ነው። ያኔ አዳማን ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። አባቴ ከመንዝ ወርዶ ፋብሪካው ውስጥ ሸንኮራ መፍጫው ላይ ይሠራ ነበር። የስኳር አገር ልጅ ነኝ። ግን እኔ ራሴ ጨው ነበርኩ። ቀልድ አይደለም! ሙቀት ሲበረታ ላቤ ግንባሬ ላይ ደርቆ ነጭ ይሆናል። የጎረቤት ፍየል ባገኘችኝ ቁጥር እጄን ትልሰኝ ነበር፤ ልጆች ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። ያላሳቀኝ የእማዬ ነገር ነው። ስማኝ ስታበቃ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርግና ፊቷን ታዞራለች። እናቴ ትጸየፈኛለች ብዬ ነው ያደግሁት።

ሳሌስ? ሳሌ ከእኔ ቀድሞ ቤት ይገባ ነበር። እበላለሁ፣ አልወፍርም። የበላሁት እንደ ገባ ይወጣል፤ ዝርዝሩን ብነግራችሁ ዛሬ ምሳ አትበሉም። "የዚች ልጅ ሆድ ወንፊት ነው" ይሉ ነበር ጎረቤቶች። ትምህርት ቤት "ሳንባ ነቀርሳ ናት" ተባለና ውኃ የምጠጣበት ጣሳ ለብቻዬ ተደረገ። የነቀርሳውን መርፌ ተወጋሁ፣ ጨረስኩ፣ ሳሌ ምንም አልመሰለው። እማዬ ጠበል ወሰደችኝ። እኩዮቼ ለአቅመ ሔዋን ሲደርሱ እኔ ገና ሕፃን ነበር የምመስለው። በአምላክ ላይ ቂም ያዝኩ፣ ቅዱሳን። ሌላውን ሰው ከአፈር ሠርቶ እኔን ከምን እንደሠራኝ ገርሞኝ ነበር።

አባቴ በመጨረሻ ወደ ሻሸመኔ አቅጣጫ ወዳለ አንድ የሚሲዮን ሐኪም ቤት ላከን። ዶክተሩ ሸምገል ያሉ ፈረንጅ ነበሩ፤ አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም። ደረቴን ቢያዳምጡ ቢያዳምጡ አልጠግብ አሉ። የጣቶቼን ጫፍ አገላብጠው አዩ። ከዚያ ቀና ብለው እማዬን፣

"ስትስመው፣ ጨው ጨው ይላል?" አሏት።

እማዬ የያዘችውን ዘንቢል ለቀቀችው። "ማን ነገረዎት?" አለች። "ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው የማላውቀውን!"

እዚያው ወንበር ላይ ሆና ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ለካ እኔን ባረገዘች ጊዜ በሠራችው ኃጢአት የመጣ ቁጣ መስሏት ነው ያን ሁሉ ዓመት የደበቀችው። እንባዋን እንዳላይ ነበር ፊቷን የምታዞረው። ቅዱሳን፣ ከሕመሙ ይልቅ ያ ዝምታ ነው ሁለታችንን ሲበላን የኖረው!

ዶክተሩ የሕመሙን ስም ነገሩን፣ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ። አክታውን እንደ ሙጫ ያወፍረዋል፣ ሳንባን ይደፍናል፣ ሆድ ምግብ እንዳይፈጭ ያደርጋል፣ የሰውነትን ጨው በላብ ያፈሰዋል። "የእኔ አገር ብዙ አለ" አሉ፤ "እዚህ አንተ መጀመሪያ ነህ። ቀላሉ ዓይነት ነው፣ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ የቆየህ።"

"ትድናለች ወይ?" አለች እማዬ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ድንገት ጠረጴዛውን መቱት። "መድኃኒቱ እዚህ የለም። ግን ብላ! ሌላ ሰው የሚበላውን እጥፍ ብላ። ቅቤ ብላ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ስጋ ከነጮማው። ጨው ጨምር። ከዚያ ሩጥ! እስክትስል ሩጥ፣ አክታው ይውጣ። አንተ ቁጭ ካልክ አክታም ቁጭ ይላል።" እጃቸውን እንደ ጭልፋ ሰብሰብ አድርገው ጀርባዬን ጠብ ጠብ እያደረጉ ለእማዬ አሳዩአት፤ በየጠዋቱ እንዲህ እየተመታ አክታው እንዲላቀቅ።

ስንወጣ አስተርጓሚዋ ነርስ እማዬን ወደ ጎን ወስዳ፣ "እንዲህ ዓይነት ልጆች ትልቅ ሴት አይሆኑም፤ አውቀሽ ተዘጋጂ" አለቻት። የማልሰማ መስሏታል። ሰማሁ። ደሜ ፈላ። ቆይ ብቻ፣ አሳይሻለሁ አልኩ በልቤ። ይኼ የመጀመሪያ ጸሎቴ ነው፣ ያውም ለማን እንደምጸልይ ሳላውቅ።

ቤት ስንመለስ ሁዳዴ ገብቷል። እማዬ በሕይወቷ አንድ ጾም አፍርሳ አታውቅም፤ አሁን በሁዳዴ ቤቷ ቅቤ ሊነጠር ነው። የነፍስ አባቷ ዘንድ ሄደች። አባ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? "ለታመመ ሰው ጾም የለም። ልጅቷን አብያት፤ ዕዳው በእኔ።" ጌታ ይባርካቸው! ልብ በሉልኝ ወገኖቼ፣ ቄሱ "ትብላ" አሉ። ኋላ "አትብላ" ያለኝ ማን እንደሆነ ስትሰሙ ታፍራላችሁ።

መብላቱ እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። የጀርባው ነገር ግን አስቸገረ፤ እማዬ "ልጄን አልመታም" ብላ እምቢ አለች። አንድ ሁለቴ ሞክራ አለቀሰች። ይኼን ሰምታ የመጣችው ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ናት። ባሏ የሞተባት፣ ክንደ ብርቱ፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። ጴንጤ ናት እየተባለ ሰው ይሸሻት ነበር። ወጣቶቹ አታውቁትም እንጂ ጊዜው የደርግ ነው፤ የእነሱ ጸሎት ቤት ናዝሬት ላይ ታሽጎ፣ ወንበሩም ከበሮውም ተወስዷል። "መጤ ሃይማኖት" ይሉን ነበር። ጮክ ብሎ መዘመር ያስይዛል።

እትዬ ዘነበች በየጠዋቱ ጭኗ ላይ በደረቴ ታስተኛኝና ጀርባዬን ትመታለች። ድም፣ ድም፣ ድምድም! ከንፈሯን ሳትከፍት በአፍንጫዋ ታዜማለች። መዝሙሩ ሲፈጥን እጇ ይፈጥናል። በኋላ ነው የገባኝ፤ ሴትዮዋ ከበሮዋ ተወስዶባታል፣ እኔን አገኘች! ሃሌ ሉያ! እኔም መዝሙሮቹን በጆሮዬ ሳይሆን በጀርባዬ ተማርኳቸው።

አንድ ጠዋት፣ "እትዬ፣ ለማን ነው የምታዜሚው?" አልኳት።

"ለማይተወኝ።"

"እኔን ግን ትቶኛል።"

"ማን ነገረሽ?" አለች እጇን ሳታቆም። "ይኼ እጅ ጀርባሽ ላይ በማን ትእዛዝ የመጣ ይመስልሻል? እኔማ ለራሴ ሰነፍ ነኝ።"

ሳቅሁ፣ ሳቄ ወደ ሳል ዞረ፣ ሳሉ ወደ ለቅሶ። በዚያው በተደፋሁበት እንዲህ ብዬ ጸለይኩ። "ካለህ ስማኝ። ሳልድንም የምትወደኝ ከሆነ እመጣለሁ። ከዳንኩ በኋላ ብቻ ከሆነ ግን ይቅርብኝ።" እንዲህ ይጸለያል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ጸለይኩ። ተቀበለኝም! ደረቴ እንደ ወትሮው ያፏጫል፣ ልቤ ግን ያን ዕለት ያገኘውን ዕረፍት እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ስሙ ይባረክ!

እትዬ ዘነበች ወደ ወንድሞችና እህቶች ስብስብ ወሰደችኝ። የምንሰበሰበው ናዝሬት በጋሼ ቶለሳ ቤት ነበር። ጋሼ ቶለሳ ከአርሲ ከደራ በኩል የመጡ አናጢ ናቸው፤ ስለ እምነታቸው ብዙ ተደብድበዋል፣ አንድም ቀን ግን አልካዱም። መሰብሰባችን እንዳይታወቅ ሰሌን ላይ በርበሬ ይሰጣና ዙሪያውን ተቀምጠን እንቀነጥሳለን። በር ሲንኳኳ ስለ በርበሬ እናወራለን፤ የመጣው ሰው ሲሄድ ወደ ጸሎታችን። በርበሬው አፍንጫ ውስጥ ይገባና ሁሉም ይስላል፣ ሁሉም ያነጥሳል። በዕድሜዬ ጤነኛ የመሰልኩበት ብቸኛ ቤት እሱ ነበር!

አሁን የሚከብደው ላይ ደረስኩ። ጋሼ ቶለሳ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጸለዩልኝና፣ "ይቺን ልጅ ጌታ ሊፈውሳት ይፈልጋል፤ እሷ ግን ቅቤና ስጋ ላይ ተደግፋለች" አሉ። "ደረቅ ጾም ግቢ፣ አስካለ። እህልም ውኃም አይግባ። ጌታ ሲያይ ይሠራል።" እኔም አመንኳቸው። እንዴት አላምናቸው? ለእምነታቸው የተገረፉ ሰው ናቸው።

ወሩ ግንቦት ነው። የወንጂን ግንቦት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ ነው የምትውለው። ጾምኩ። ላቤ ፈሰሰ፣ ጨዌ አብሮ ፈሰሰ፣ የሚተካው የለም። እግሬ ተኮማትሮ አልዘረጋ አለ። ዓይኔ ጨለመ፣ ወደቅሁ። ስነቃ እትዬ ዘነበች ራሴን ደግፋ ጨው የበዛበት የስጋ ሾርባ በማንኪያ አፌ ውስጥ ታንቆረቁራለች።

"እትዬ፣ ጾሜ..." አልኳት።

"ዝም በይ፣ ዋጪ!" አለችኝ እያለቀሰች። "ነቢዩ ኤልያስ ሞትን ሲመኝ መልአኩ ምን አመጣለት? ስብከት አመጣለት? ዳቦና ውኃ ነው ያመጣለት! መንገድህ ሩቅ ነው፣ ብላ ነው ያለው። ያንቺም ሩቅ ነው።"

አሜን በሉ እንጂ!

መቆም ስችል ቀጥታ ጋሼ ቶለሳ ዘንድ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ከእንግዲህ አልጾምም" አልኳቸው።

"እምነትሽ እንግዲህ ሆድሽ ውስጥ ነው ማለት ነው?" አሉኝ።

"ሆዴንስ ማን ሠራው፣ ጋሼ?"

ታላቅ ሰው ፊት እንዲህ መናገር ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሆኖም በሕይወት መኖር ፈልጌ ነበር! ጌታን አግኝቼ ገና አልጠገብኩትም። ጾምን አልነቅፍም ቅዱሳን፤ የሚችል ይጹም። የማይችለውን ግን እምነት የለሽ አትበሉት።

ሁለተኛው ጥፋቴ ደግሞ ሩጫ ነው። ሩጪ ተብያለሁ፤ የት ልሩጥ? በዚያ ዘመን ያደገች ልጅ መንደር ለመንደር ስትሮጥ ብትታይ "ምን ነካት? አበደች!" ነው የምትባለው። መሮጥ የሚቻለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የቀበሌው ማስ ስፖርት። እሑድ ጠዋት ነው የሚደረገው፤ እሑድ ጠዋት የሆነው ደግሞ ወጣቱ ጸሎት እንዳይሄድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። የእኛ ልጆች ይደበቁ ነበር። እኔ ጫማዬን አጥልቄ ሄድኩ።

መጀመሪያ ቀን ሜዳውን ሳላጋምስ ተደፍቼ ሳልኩ። ልጆቹ ሸሹኝ። ካድሬው ጓድ ሽብሩ መጥቶ በላዬ ቆመ። እውነቱን ልናገር፣ ጎበዝ አሠልጣኝ ነበር። "ሳልሽው? ጥሩ፣ አሁን ቀለለሽ። ተነሺ፣ ግፊ!" አለኝ። ፈረንጁ ዶክተር ያለኝን ነው ያለኝ! ጌታ ፈርዖንን ተጠቅሞ የለም እንዴ? እኔም ገፋሁ። ጠዋት እትዬ ዘነበች ጀርባዬን ትመታለች፣ እንቁላልና ገንፎ በቅቤ እበላለሁ፣ ሜዳ ወጥቼ እሮጣለሁ፣ አክታው እየተላቀቀ ይወጣል። በሚቀጥለው ወር ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ አላጠረም። ዓመት ሲሞላ ጉንጭ አወጣሁ። ትልቅ ሴት አትሆንም የተባልኩት እኔ ሴት ሆንኩ! ያን ቀን እማዬ እልል ብላ ሰፈሩን አስደነገጠች።

ወንድሞቼና እህቶቼ ግን "አስካለ ከዳች፣ ከካድሬ ጋር ትሮጣለች" አሉ። አንድ ቀን ጋሼ ቶለሳ ቤት ብሄድ ሰሌኑም በርበሬውም የለም። ቦታ ቀይረዋል፣ ለእኔ የነገረኝ የለም። በሩ ላይ ቆሜ እንዴት እንዳለቀስኩ ጌታ ያውቃል። ካድሬ ቢጠላኝ ምን ይገርማል፤ የራስ ወገን ሲጥል ግን ያማል። ብዙም ሳይቆይ በርበሬውን የቀነጠሱበት ሁለተኛው ቤት ተከቦ ጋሼ ቶለሳና ወንድሞች ታሰሩ። እኔ አላጋለጥኩም። ቦታውን የት አውቄው!

ጓድ ሽብሩ ደግሞ በእኔ ይኮራ ጀመር። ናዝሬት ላይ አንድ ትልቅ በዓል ሲደርስ፣ "አስካለ፣ መድረክ ላይ ወጥተሽ ትናገሪያለሽ" አለኝ። የምናገረውንም አስጠናኝ። "አምላክ የረሳኝን አብዮቱ አስታወሰኝ፤ ያዳነኝ ፈጣሪ ሳይሆን አብዮቱ ነው።" ይኼን ካልኩ ለስፖርት ትምህርት አዲስ አበባ ሊልኩኝ ነው። "እምቢ ካልሽ ግን እኔም አላድንሽም" አለኝ ቀስ ብሎ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈርቶ ነበር።

በዓሉ ደረሰ። ሜዳው ጥቅጥቅ ብሏል። ማይክ ሰጡኝ፤ ማይክ ስይዝ የምሆነውን ዛሬ አይታችኋል! ትንፋሼን ሳብኩ። ያ ሁሉ አየር ሲገባ ተሰማኝ። ያን አየር የሰጠኝን ክጄ በምን አፌ ልናገርበት?

"ጓዶች፣ ሩጡ፤ ሩጫ ጥሩ ነው" አልኩ። ተጨበጨበ። "ጓድ ሽብሩ በደንብ አሠልጥኖኛል፣ አመሰግነዋለሁ።" አሁንም ተጨበጨበ። "ሳንባዬን የሠራው ግን ኢየሱስ ነው! አልረሳኝም፣ አልረሳውም!"

ማይኩ ጠፋ። እኔ ግን አልጠፋሁም፤ በባዶ ድምፄ ደገምኩት። እስኪጎትቱኝ ድረስ ደገምኩት። ሃሌ ሉያ!

በዚያው ቀን "ጴንጤ ያደረገቻት እሷ ናት" ብለው እትዬ ዘነበችንም ከቤቷ አመጧትና አንድ ላይ ታሰርን። ሴቶች በአንድ ክፍል፣ ወንዶች በሌላው፣ መካከሉ ግድግዳ። ምሳ ሰዓት ብቻ ግቢው ላይ አንድ ላይ እንወጣለን። የዚያን ጊዜ እስረኛ የሚበላው ቤተሰቡ ያመጣለትን ስንቅ ነው። የእኔ ስንቅ ተከለከለ። እማዬ ሰሃኗን አቅፋ በር ላይ ስትቆም በቀዳዳ አያታለሁ፤ "ልጅሽ ቃሏን ትመልስ፣ ከዚያ ትብላ" ይሏታል። እኔንም "አምላክ የለም በይና ክትፎሽን ብዪ" ይሉኝ ነበር። የሚሰጠኝ ደረቅ ቂጣ ነው። እትዬ ዘነበችም የሚያመጣላት ዘመድ የላትም፤ የእሷን ቂጣ ጨምራ ብትሰጠኝም አልበቃም። ጉንጬ ሸሸ። ጨው እንደገና ግንባሬ ላይ ነጣ። ሳሌ ወፈረ። የነርሷ ቃል ትዝ ይለኝ ጀመር።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ግድግዳ ተደግፌ ተቀምጫለሁ። ከወንዶቹ በኩል ጋሼ ቶለሳ ብድግ አሉ። ከስተዋል፤ ወንድሞች ጾም እንደያዙ ሰምቻለሁ። ባለቤታቸው ያመጡላቸውን ጨጨብሳ ከነሰሃኑ ይዘው መጡ። ቅቤው ጠርዙ ላይ ይፈሳል፤ ሽታው ግቢውን ሞልቶታል። ፊቴ አስቀመጡት።

ቂሜ ከረሃቤ ቀደመ። "ጋሼ፣ እምነቴ ሆዴ ውስጥ ነው፤ ረሱት እንዴ?" አልኳቸው።

እኚያ በዱላ ያላለቀሱ ሰው መሬት ላይ ተቀመጡ፣ እንባቸው ወረደ። "አልረሳሁትም" አሉ። "ያን ጊዜ አንቺን አስጾምኩ፣ ጌታ ግን አልጠየቀኝም ነበር። በአደባባይ ያልሽውንም ሰምተናል። ወደ ካድሬ ሄደች ያልንሽ አንቺ፣ እኛ በርበሬ ውስጥ የደበቅነውን ስም በማይክ ጠራሽው።" ሰሃኑን ገፋ አደረጉልኝ። "ኛዹ፣ ኢንተላ ኮ። ብዪ፣ ልጄ። እስከ ዛሬ ለራሴ ጾሜአለሁ፤ ዛሬ ላንቺ ልጹም። እኔ ስጾም አንቺ ስትበዪ አንድ ጾም ነው።"

በላሁ። እንባዬ ጨጨብሳው ላይ ወረደ፤ ጨውም አስፈልጎኝ ነበርና በላሁት! ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሞች በተራ ይጾማሉ፣ የተረኛው ስንቅ ለእኔ ይመጣል። ጠባቂዎቹ የእማዬን ሰሃን አገዱ፤ የስንቱን እናትና ሚስት ሰሃን ያግዱ? ከበላሁ በኋላ ግቢውን እዞራለሁ፣ እሮጣለሁ። ጠባቂው "ምን ሆነሽ ነው?" ሲለኝ፣ "ማስ ስፖርት ነው ጓድ፤ እናንተው አይደላችሁም ያስተማራችሁኝ?" እለዋለሁ። ይስቃል።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ እትዬ ዘነበች ጭኗ ላይ ታስተኛኛለች። ድም፣ ድም፣ ድምድም! አንድ ጠዋት ከግድግዳው ማዶ አንድ ወንድ በአፍንጫው ማዜም ጀመረ። አመታቷን አውቆታል! ሌላው ተቀበለ። ከዚያ ክፍሉ ሙሉ። ጠባቂው በሩን በርግዶ "ይኼ ከበሮ ከየት መጣ?" አለ። እትዬ ዘነበች እጇን ሳታነሳ፣ "ከበሮ የለም፣ ሕክምና ነው። የፈረንጅ ዶክተር ያዘዘው ነው፤ ከፈለግህ ጠይቀው" አለችው። ቆሞ አየን፣ በሩን ዘጋው። ቤተ ክርስቲያን ታሽጋ ነበር ትሉኛላችሁ? እኔ ጀርባ ላይ ክፍት ነበረች! ክብር ለስሙ!

ጊዜ ወሰደ እንጂ ተፈታን። ቃሌን አልመለስኩም፤ ከስቼም አልወጣሁም። እማዬ በር ላይ ስታገኘኝ ሳመችኝ፣ ሳመችኝ፣ ከንፈሯን አልጠረገችም። ጓድ ሽብሩን ደርግ ከወደቀ በኋላ መንገድ ላይ አገኘሁት። "አሁንም ትሮጫለሽ?" አለኝ። "አሁንም እሮጣለሁ" አልኩት። "ጥሩ" ብሎኝ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ዶክተሩም፣ እትዬ ዘነበችም፣ ጋሼ ቶለሳም ወደ ጌታ ሄደዋል። የጋሼ ቀብር ላይ ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ለቀስተኛው መሃል የባለቤታቸውን ጨጨብሳ በላሁ። የገባቸው ሰዎች ዝም አሉ፤ ያልገባቸው አሙኝ።

ቅዱሳን፣ ይኸው ፀጉሬ ሸብቷል። ሐኪም ያዘዘልኝን እውጣለሁ፣ እስላለሁም፣ ጠዋት እሮጣለሁ፣ ጌታን አመልካለሁ። ሕመሜ እኔን ለመቅበር የመጣ ነበር፤ ስንቱን ዓመት እየበላሁ አስጠበቅሁት! የፈወሰውን ጌታ ታመሰግኑታላችሁ፣ ደግ ነው። ያልፈወሰውን ሰው ደግሞ በየቀኑ እያበላ የሚያቆመውን ጌታ አመስግኑት። እሱው ነው። ታምናችሁ ተደገፉበት፤ እኔ ተደግፌው አልወደቅሁም።

አንቺ ልጄ፣ ከታንከሩ ጀርባ ያየሁሽ፣ እየሰማሽኝ ነው? ቤቴን ታውቂዋለሽ። ነገ ጠዋት ነይ። ገንፎ አለ፤ ቅቤው መሃሉ ላይ ነው፣ ጠረጴዛውም በመስኮቱ በኩል ነው፤ መንገደኛው ሁሉ እያየሽ ትበያለሽ። እኔ ነገ ጾመኛ ነኝ። ሐኪሜን ጠይቄዋለሁ፤ ቁርሴን ብቻ ማሳለፍ እችላለሁ ብሎኛል። እሷን ቁርስ ላንቺ እጾምልሻለሁ።